የብቻ መብራት

ጭልፊቷ ቁርስ ያወረደችው ፀሐይ ከውጫሌ ተራራ ጫፍ ብቅ ስትል ነበር። አንድ ቂጣ፣ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል፣ በላስቲክ የታሸገ ሻይ። ኤልዳና ከመንገዱ ዳር ካለች ዝቅተኛ ግንብ ላይ ተቀምጣ ፊቷን ወደ ካሜራው አዙራ በላች። ፊትን አዙሮ መብላት ውሉ ውስጥ አለ። በራሪዋን ካሜራ ሰው ጭልፊት የሚላት ከበላተኛ እጅ ልትነጥቅ የተዘጋጀች ስለምትመስል ነው። እሷ ግን ታወርዳለች እንጂ አትነጥቅም።

ሰው ከሁሉ ይበልጥ ገንዘብ የሚሰጠው በምግብ ሰዓት ነው። አቀበት ስትወጣ ይሰጣል፣ ስታነክስ ይሰጣል፣ ዝናብ ሲመታት ይሰጣል። ብቻዋን ስትበላ ግን በየቤቱ የሚያያት ሰው ጉርሻው አልወርድ ይለውና ከምሳው በፊት ይልካል። ብቻውን የሚበላ ሰው ማየት ለዚህ አገር ሰው ዛሬም ይከብደዋል። ሩጫውን የሚያዘጋጀው ድርጅት ይህን በጥናት አረጋግጧል።

በግራ አንጓዋ ላይ ያለው መብራት አረንጓዴ ነበር። አረንጓዴ ማለት ብቻዋን ናት ማለት ነው። ሰው ሲጠጋት ወይም ሲያነጋግራት ቢጫ ይሆናል፤ ሰውየው ካልራቀ ደግሞ ቀይ። ቀይ ከሆነ ሩጫው አብቅቷል፤ ሌላ ሯጭ እስኪገኝ ድረስ የምትሮጥለት የሆስፒታሉ የኩላሊት ክፍል ይዘጋል። አረንጓዴ እንደሆነ ከሞያሌ ዛላምበሳ ከደረሰ ክፍሉ ዓመቱን ሙሉ ይሠራል። የማዋለጃው ክፍል ሯጭ ባለፈው ሳምንት ከመተማ ተነሥቷል። የዓይን ክፍሉ ሯጭ ጉልበቱ ተጎድቶ ስለወጣ በሩ ላይ «ሯጭ እየጠበቅን ነው» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል።

«ኤልዱ፣ ነቃሽ?» አለ ናትናኤል በጆሮዋ ማዳመጫ ውስጥ።

«ስበላ እያየኸኝ ነቃሽ ይባላል?»

«እንቁላሉን እንዴት ነው የዋጥሽው? ሰው ሊቀማሽ ነው እንዴ?»

«ማን አለና ነው የሚቀማኝ!»

ሳቀ። ከሳቁ ጀርባ የኩላሊት ማጠቢያው ማሽን ድምፅ ይሰማል። «ይሄ ማሽን እንደ አማቴ ሲያጉረመርም ነው ያነጋው። ሲስተርን ምን ሆኖ ነው ብላት፣ ዕድሜ ነው አለችኝ። የማን ዕድሜ እንደሆነ ግን አልነገረችኝም።»

ናትናኤል ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። በየጠዋቱ ጥቂት ደቂቃ እንዲያነጋግራት ይፈቀድለታል። የሕመምተኛ ድምፅ በሕጉ መሠረት እንደ ሰው አይቆጠርም። የተኛው በመስኮቱ በኩል ባለው አልጋ ላይ ነው። ከእሱ በፊት አልጋው የባሏ የሚኪያስ ነበር። መስኮቱ የሚያሳየው የሆስፒታሉን ማጠቢያ ቤትና አንድ የግራር ዛፍ ነው። ኤልዳና ይህን ሳትጠይቀው ታውቃለች፤ እሱም አንድ ቀን ነግሯት አያውቅም።

«ዛሬ ወርቄ በር ነው አሉ» አለ ናትናኤል። ድምፁ ተለወጠ።

«አዎ።»

«አይዞሽ። ዝም ብለሽ እለፊ።»

ናትናኤል ሲወጣ ቃልኪዳን ገባች። የድርጅቱ አስተባባሪ ናት፤ ዕድሜዋ ከሠላሳ አይበልጥም። ኤልዳና በአካል ያየቻት ውል በተፈራረሙ ቀን ብቻ ነው። የቃልኪዳንን ድምፅ ከኤልዳና በቀር የሚሰማ የለም። የኤልዳናን ግን ሁሉም ይሰማል።

«እንደምን አደሩ እትዬ ኤልዳና? ጉልበትዎ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው።»

«ደህና ነው አይበሉ እንጂ። ትንሽ ያመኛል ይበሉ።»

«ትንሽ ያመኛል።»

«ጎሽ። እንግዲህ ከቀትር በፊት ወርቄ በር ይደርሳሉ።»

ኤልዳና የሻይዋን ላስቲክ መጠምዘዝ ተወች። «በሌላ በኩል የሚያሳልፍ መንገድ የለም?»

«የለም፤ ቢኖርም አይሆንም። ሕዝቡ ሲጠብቅ የከረመው ይህን ቀን ነው። የመንደሩ ሰዎች ሽማግሌ ልከውብን ነበር እኮ። እግሯ ላይ እንውደቅ አሉ፤ እሱ አይቻልም አልናቸው። እንዲያ ከሆነ ድንጋይ ተሸክመን መንገድ ዳር እንቁምላት አሉ። አስፋልቱን እስካልረገጡ ድረስ ፈቅደንላቸዋል።»

«ድንጋይ ተሸክመው?»

«ሁሉም። ያን ልጅ መጀመሪያ የያዘችው ሴትዮ፣ ኢክራም የምትባለው፣ ከፊት ትሆናለች።»

«እኔ አውርዱ ካላልኳቸው እኮ አያወርዱም።»

«ማታ መልእክት ይቀርጹላቸዋል፤ እንልክላቸዋለን።»

«ቃልኪዳን» አለች ኤልዳና፣ «ሚኪያስ እኮ…»

«ማይኩ ክፍት ነው፣ እትዬ» አለቻት ቃልኪዳን በትሕትና።

ኤልዳና ተነሣች። ፍርፋሪውን ከቀሚሷ ላይ አራገፈችና ቁልቁለቱን ጀመረች።

ስለ ወርቄ በር አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ይህን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የክፍሉ ሯጭ ናሆም የሚባል ወጣት ነበር። ከደሴ ሲነሣ ትኩሳት ይዞት ነበር። ወርቄ በር ሲደርስ ይንገዳገድ ጀመር። ያኔ የሯጭ ሕግ በገጠሩ ገና አልታወቀም። ኢክራም ከደጇ ወጥታ ክንዱን ያዘች። «በሞቴ! አፈር ስሆን ቁጭ በል» አለችው። ሌሎቹ ሴቶች ውሃ አመጡ፣ እርጎ አመጡ፣ ጫማውን አውልቀው እግሩን አጠቡት። የታመመ መንገደኛ በደጃቸው ሲያልፍ ዝም ብሎ ማየት ለእነሱ ነውር ነው። ልጁ ዋርካው ሥር ተኛ። ሲነቃ መብራቱ ቀይ ነበር። ክፍሉ ተዘጋ፤ ስድስት ሕመምተኞች ሞቱ። የወርቄ በር ሰዎች ያደረጉት ነገር የገባቸው ከሰነበተ በኋላ ነው። ሲገባቸው ዳስ ጥለው ላላዩዋቸው ስድስት ሰዎች ለቅሶ ተቀመጡ። ከስድስቱ አንዱ የኤልዳና ባል ነው።

አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ይህን ነው። የሞቱት ግን አምስት ናቸው።

ሚኪያስ ከክፍሉ የወጣው ናሆም ገና ሻሸመኔ ሳይደርስ ነበር። «ደክሞኛል፤ ቤቴ ውሰጂኝ» አለ። ሐኪሙ ሊያግባባው ሞከረ። ኤልዳና አልሞከረችም። እሺ አለች፤ ቶሎ ነበር እሺ ያለችው። አልጋውን ለናትናኤል ለቀቀለት፣ እጁን ጨበጠው፣ ወጡ። ናሆም ወርቄ በር ሲደርስ ሚኪያስ ተቀብሮ ነበር። የናትናኤል ልጆች ክፍሉ ሲዘጋ አባታቸውን የግል ክሊኒክ ወስደው አተረፉት። ስለዚህ ይህን ነገር ከእሷ ሌላ የሚያውቅ ናትናኤል አለ።

የድርጅቱ ዘገባ ሲወጣ የዚያን ሰሞን ሟቾች ሁሉ አንድ ላይ ተደምረው ነበር። ኤልዳና አየችው። ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ አስተማሪ ነበረች፤ የተሳሳተ ቁጥር ማረም ሥራዋ ነው። ግን ለማረም ስለ ሚኪያስ አወጣጥ ማውራት ሊኖርባት ነው። ያን ጊዜ ስለ ሚኪያስ ከማንም ጋር ማውራት አልፈለገችም። ዝም አለች። ከዓመት በኋላ ክፍሉ እንደገና ሯጭ ሲያጣ ድርጅቱ ወደ እሷ መጣ። ሯጭ በመቆሙ ባሏ የሞተባት ሴት ሳትቆም ስትሮጥ ማየት ሰው ይፈልጋል አሏት። ውል በምትፈርምበት ቀን እውነቱን ለቃልኪዳን ነገረቻት። «በዚያው ሰሞን አይደል?» አለቻት ቃልኪዳን፤ «ያው ነው።» ናትናኤልና ሌሎቹ ማሽኑ ሥር ተኝተው ይጠብቁ ነበር። ፈረመች።

የወርቄ በር ሰዎች ያን ቀን ትዝ አላሏትም።

የቁልቁለቱ መንገድ ጠመዝማዛ ነው። በየመታጠፊያው መንደር አለ፤ በየመንደሩም ሯጭ ስትመጣ የሚደረገው አንድ ነው። አንድ ሰው ከሩቅ ያያትና «ሯጭ! ሯጭ!» ይላል። ሴቶች ልጆቻቸውን ይሰበስባሉ። ሻይ ቤት ደጃፍ የተቀመጡት ወንበራቸውን ያዞራሉ። ከዚያ ሁሉም ጀርባውን ለመንገዱ ይሰጣል። ማንም እንዲህ አድርጉ አላላቸውም፤ ከወርቄ በር በኋላ ራሳቸው ያመጡት ነው። ሰላምታ እንዳያመልጣቸው፣ እጃቸው ለውሃ እንዳይዘረጋ ነው። ኤልዳና ከሞያሌ ጀምሮ ያየችው ጀርባ ነው። ነጠላ የለበሰ ጀርባ፣ ልጅ ያዘለ ጀርባ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የለበሰ የልጆች ጀርባ። አንዳንዱ ጀርባ ይንቀጠቀጣል፤ የሚያለቅስ ሰው ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከዲላ ወዲህ፣ አንድ የጃጁ ሽማግሌ ረስተው ዞሩና «እንደምን ዋልሽ ልጄ፣ ወዴት ነው በዚህ ፀሐይ?» አሏት። መብራቱ ቢጫ ሆነ። የልጅ ልጃቸው አፋቸውን በእጇ ከድና ወደ ውስጥ ጎተተቻቸው። ኤልዳና አልመለሰችም። ሽማግሌው ከጓሮ ሆነው «ምን አጠፋሁ? ሰላም ማለት ነውር ሆነ?» ሲሉ ሰማች። ድምፃቸው ብዙ ቀን አብሯት ሮጠ።

ወርቄ በር ከመታጠፊያው በኋላ ድንገት ነው የሚታየው። ኤልዳና ጠባብ መንደር ጠብቃ ነበር። ሰዉ ግን ከአካባቢው ሁሉ መጥቶ ከዋርካው አንሥቶ እስከ ድልድዩ ድረስ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰልፏል። ጀርባውን የሰጠ የለም። ሁሉም ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ ከወገቡ አጎንብሷል፤ በማጅራቱ ላይም ድንጋይ አለ። የወንዶቹ ትልልቅ ነው፤ በሁለት እጃቸው ደግፈውታል። እርጉዝ ሴት አለች። አንድ ሕፃን ልጅ ሎሚ የምታህል ጠጠር ማጅራቱ ላይ አስቀምጦ እንዳትወድቅበት እየተጠነቀቀ ቆሟል። ድምፅ የለም። የሚሰማው የጭልፊቷ ክንፍና የራሷ ጫማ ነው።

በዚህ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ተበዳዩ ፊት ያጎነብሳል። ተበዳዩ ድንጋዩን በእጁ ያነሣለታል፣ ካልሆነም አውርድ ይለዋል። እስከዚያ ድረስ በዳዩ ቀና አይልም።

«አይቁሙ፣ አይቁሙ» አለች ቃልኪዳን። «ቀስ ብለው ይለፉ። ካሜራውን ከፍ እያደረግነው ነው። እጅግ ያምራል።»

ኤልዳና ቀስ አለች። የምታየው የሰው ፀጉር፣ ሻሽና ሸበቶ ነው። ማንም ቀና ብሎ አያያትም። አውርዱ ልትል አፏን ከፈተች፤ መብራቱን አየች፤ ዘጋችው። ቢጫው ቢመጣም እየሮጠች ካለፈች ወደ አረንጓዴ ይመለሳል ብላ አሰበች። ሆኖም አውርዱ ማለት ይቅር ብያችኋለሁ ማለት ነው። ይቅር የሚለው ደግሞ የተበደለ ሰው ነው።

ከመንገዱ ዳር መንገድ ሠሪዎች የተዉት የድንጋይ ክምር አለ። ኤልዳና ወደዚያ ጠጋ አለች። ጎንበስ ብላ አንድ ድንጋይ አነሣች። ዳቦ የሚያህል ነው፤ አንድ ጎኑ ስለት አለው። ማጅራቷ ላይ አስቀመጠችው፤ በሁለት እጇ ያዘችው። ከዚያ እንደ እነሱ አጎንብሳ መራመድ፣ ቀጥሎም ሶምሶማ መሮጥ ጀመረች።

ቃልኪዳን እንደ ሕፃን ጮኸች። «እትዬ! ይሄን ማን ነገረዎት? እግዜር ይስጥልኝ! ኀዘናችሁ ኀዘኔ ነው ማለት አይደል? ሰዉ አበደ! እንዳያወርዱት!»

ናትናኤል ያለ ሰዓቱ ገባ። እንዲገባ ፈቅደውለት መሆን አለበት። «ኤልዱ» አለ። ሌላ ነገር ሊል ፈልጎ ተወውና «ገባኝ» አለ። «ገብቶኛል።»

አላለቀሰችም። ላቧ ዓይኗ ውስጥ እየገባ ያቃጥላታል። ስለታሙ ጎን ማጅራቷን ይፍቀዋል። ሰዎቹ ቀና ስለማይሉ አላዩዋትም። እሷም የምትፈልገው ይህንኑ ነበር፤ ይቅርታ ትጠይቃቸው፣ እነሱ ግን አይወቁ፣ መብራቱም አይለወጥ። ሁሉም በየፊናው አጎንብሶ ነገሩ ያልፍ ነበር።

ከሰልፉ መጨረሻ፣ ድልድዩ አፍ ላይ፣ አንዲት ቀጭን አሮጊት ቆማለች። አረንጓዴ ሻሽ አሥራለች፤ በባዶ እግሯ ናት። የተሸከመችው ከወንዶቹ የሚያንስ አይደለም። ኤልዳና ሳትነገራት አወቀቻት። ኢክራም የሚመጣውን እግር ድምፅ አዳመጠች። ሸክም ያለበት ሰው አረማመድ አይጠፋትም። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ከድንጋዩ ሥር ቀና ብላ አየች።

ዓይን ለዓይን ተያዩ።

ኢክራም መጀመሪያ ግራ ገባት። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። ተበዳይ ድንጋይ አይሸከምም፤ ይህን በመንደሩ ውስጥ ሕፃኑም ያውቃል። የራሷን ድንጋይ ማንም ሳያወርድላት ወደ ጎን ጣለችው። ዱብ ብሎ ወደቀ።

«አንቺ ልጅ» አለች፤ «አንቺ ደግሞ ምን አድርገሽ ነው?»

መብራቱ ቢጫ ሆነ።

«እትዬ፣ ይሂዱ!» አለች ቃልኪዳን።

ኤልዳና ፍጥነት ጨመረች። ኢክራም አስፋልቱን ረገጠች። ሁለት እጇን እንደ ዘረጋች መጣች፤ ልትይዛት ሳይሆን ድንጋዩን ልትቀበላት ነው። «ቁሚ! ምንም ይሁን፣ አልጠይቅሽም! ይቅር ብያለሁ፣ አውርጂው!»

ኤልዳና ድልድዩ ላይ ነች። ማጅራቷ ስር የሆነ ሙቅ ነገር ይወርዳል። ከኋላዋ ባዶ እግር አስፋልቱን ሲመታ ይሰማታል።

«በሞቴ!» አለች ኢክራም። «አፈር ስሆን! አፈር ስሆን ቁሚ!»

በሞቴ ሲባል አለመቆም ምን ማለት እንደሆነ ኤልዳና ታውቃለች። ናሆም በዚሁ ቃል ነበር የቆመው። መብራቱ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ድርግም ይላል። ከዚህ በኋላ ያለው ቀይ ነው። ከቀዩ በኋላ ያለው ናትናኤል ነው፤ የግል ክሊኒክ የሚወስዱበት አቅም ልጆቹ አሁን የላቸውም።

ሮጠች። ከሞያሌ ወዲህ እንደዚያ ሮጣ አታውቅም። ድንጋዩን በሁለት እጇ አንቃ፣ ክርኖቿን ከፍታ፣ ይቅር ልትላት ከምትከተላት ሴት ሸሸች። ከኋላ የወንዶች ጩኸት ተነሣ። «ኢክራም! ኢክራም ተመለሺ! ደግሞ ልታስጨርሻቸው ነው?» የመውደቅና የመታገል ድምፅ ተሰማ። ያዟት። «ልቀቁኝ! ያማታል እኮ!» ትላለች ኢክራም። «አታዩም? ያማታል እኮ!»

ከአቀበቱ ግማሽ ላይ መብራቱ አረንጓዴ ሆነ።

ማምሻውን ጭልፊቷ ድንኳኗንና እራቷን አወረደች። ኤልዳና ድንጋዩን ከጎኗ አስቀምጣ በላች፤ ተኝታ የምታድርበትና የምትበላበት ጊዜ በሸክም አይቆጠርም ብላ ለራሷ ወስናለች። ማጅራቷን የሚያክም ቅባት አብሮ ወርዷል። ከቅባቱ ጋር የቃልኪዳን ድምፅም መጣ።

«አለቆቼ እንዴት እንደተደሰቱ አልነግርዎትም። ድንጋዩን እስከ መጨረሻው ቢይዙት ይላሉ። ግዴታ አይደለም። ጤናዎ ይቀድማል።»

«እይዘዋለሁ።»

«በጣም ጥሩ። የወርቄ በር ሰዎች ግን አሁንም እንደቆሙ ናቸው፤ አላወረዱም። መልእክቱን አሁን እንቅረጽ?»

ኤልዳና እጇን በነጠላዋ ጠረገች። ወደ ካሜራው አየች። «አውርዱ» አለች። «ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ጠበቀች። ቃልኪዳን ማይኩ ክፍት ነው አላለቻትም።

«እትዬ» አለች ቃልኪዳን ድምፅዋ በእንባ ተይዞ፣ «እንዲህ ዓይነት ትሕትና አይቼ አላውቅም። አሁኑኑ ይተላለፋል።»

ተላለፈ። አገሩ ሁሉ አለቀሰ፣ አገሩ ሁሉ ሰጠ። ወርቄ በር ድንጋዩን አውርዶ ወደ ቤቱ ገባ።

በማግሥቱ መርሳ መግቢያ ላይ ሰዎች እንደተለመደው ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመው ነበር። ከየሰዉ እግር አጠገብ ግን፣ በአስፋልቱ ጠርዝ ላይ፣ ድንጋይ ተቀምጧል። ሰዉ ከወንዝ ለቅሞ ያመጣው፣ ለስላሳ፣ ስለት የሌለው፣ ከተሸከመችው ያነሰ ድንጋይ ነው። አንዳንዱ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ድንጋዩን ሊቀይሩላት ነው። ቀርበው ሊረዷት ስለማይችሉ የሚቀለውን መርጠው አስቀመጡላት። ኤልዳና አንዱንም አላነሣችም። አንድ በቀይ ጨርቅ የተጠቀለለ፣ ጫፉ በጥልፍ የተዘመዘመ ነበር። አንዲት ሴት ሌሊቱን ቁጭ ብላ ሠርታዋለች ማለት ነው። እሱን ስታልፍ ዓይኗን ጨፈነች።

ናትናኤል በዚያ ጠዋት ብዙ አልቀለደም። ስለ ማሽኑም አላነሣም። «ኤልዱ» አለ ሊሰናበታት ሲል፣ «ሚኪያስ ያን ቀን እጄን ሲጨብጠኝ ያለኝን ነግሬሽ አላውቅም።»

«አትንገረኝ» አለችው። ሰው እየሰማ ነበር።

«አልነግርሽም። ስትመጪ እነግርሻለሁ።»

ከወልዲያ አልፋ የቆቦን ሜዳ ስትጀምር ቃልኪዳን ሌላ ወሬ አመጣች። «ያቺ ሴትዮ፣ ኢክራም፣ ጉድ አፈላች። ሰዉ ሁሉ ድንጋዩን ሲያወርድ እሷ፣ የልጅቱንስ ማን ያወርድላታል ብላ መንገድ ጀመረች። በእግሯ! ከኋላዎ ናት።»

ኤልዳና መሮጧን አላቋረጠችም። «ዕድሜዋ ስንት ነው?»

«ሰባ ያልፋል። ልጆቿ መኪና ላይ እንጫንሽ ቢሏት ልጅቱ በእግሯ እየሄደች እኔ በመኪና? ብላ እምቢ አለች። ዛላምበሳ ላይ መብራቱ ሲጠፋ እደርስባታለሁ፣ ድንጋዩን በእጄ ነው የማወርድላት ትላለች። ያኔ መጠየቅ የምፈልገውም አለ ትላለች።»

«ምን?»

«እንጃ። እኛ ርቀቷን እየጠበቅን ነው፣ አያስቡ፤ ከኋላ እስከሆነች ድረስ ሕጉ አይነካትም። ካሜራ ግን አልተመደበላትም። ሁለት ሰው ከታየ የብቻ አይመስልም።»

ሜዳው ቀጥ ያለና ረጅም ነው። ጭልፊቷ ከፊቷ ሆና ፊቷን ትቀርጻለች። ኤልዳና ለመጀመሪያ ጊዜ ከሞያሌ ወዲህ ዞር ብላ ወደ ኋላ አየች። ድንጋዩ አንገቷን ስለያዘ መላ ሰውነቷን ይዛ ነው የዞረችው። መንገዱ ባዶ ነው። ከሩቅ፣ ሙቀቱ አስፋልቱን እንደ ውሃ ከሚያወዛውዝበት ባሻገር፣ የሚታይ ነገር የለም። ቢሆንም አለች። ሰባ ዓመት ያለፋት ሴት፣ ማንም ሳይሰጣት፣ ማንም ሳያያት፣ ብቻዋን እየመጣች ነው። ምን አድርገሽ ነው ብላ ጠይቃለች፤ መልሱን ሳታገኝ አትመለስም። ዛላምበሳ ላይ መብራቱ ሲጠፋ፣ ጭልፊቷ ስትወርድ፣ ማይኩ ሲዘጋ፣ ልትነግራት ይገባል።

ኤልዳና ፊቷን አዞረችና ቀጠለች። ከጥቂት እርምጃ በኋላ ሶምሶማውን ተወች። መራመድ ጀመረች፤ እንደ አሮጊት አረማመድ ዝግ ያለ።

«እትዬ፣ ፍጥነትዎ በጣም ወረደ» አለች ቃልኪዳን። «ምን ሆኑ?»

«ድንጋዩ ከበደኝ» አለች ኤልዳና።